ሹፌሩ

በ2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን አጎቴ ቤት ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍተኛ የጦር መኮንኖች እየተሾሙና እየተሸለሙ ነው፤ ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ያገኙት ያን ጊዜ ነበር። ስም ይጠራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እሱን እንጂ ቴሌቪዥኑን አያዩም። ትንሹ ልጃቸው ዘምቷል። ድምፁን ከሰሙ ሁለት ወር አልፏል።

ጋሼ ራሳቸው የኦጋዴን ዘማች ናቸው። በ1970 ካራማራ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጥይት ያወጣሉ፣ ቁስለኛ ያወርዳሉ። ሜዳይ የላቸውም።

«ጋሼ፣ ቅር አይልዎትም?» አልኳቸው።

«ለምን? አዛዥ ሲሳሳት የምናልቀው እኛ ነን። ያልተሳሳተውማ ይሸለም!» አሉ። አስከትለው ስለ አብራሪው ለገሰ ተፈራ አወሩልኝ፤ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረው ስለተመለሱት፣ የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ጀግና ሜዳይ ስለተሸለሙት። «ያ ሜዳይ የእኔም ይመስለኛል» አሉ።

እውነት ለመናገር ቀናሁ። እኔ እንደዛ አልተሰማኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ እኛ ጋ ሲስተሙ ሳይረጋጋ ኬክ አይቆረስም። ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ተጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ነው። ያ ጭብጨባ መሐል ላይ ነበር። ደግሞ የካራማራው ጠላት ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው። ይሄኛው ግን የአንድ አገር ልጆች ጦርነት ነበር። ትግራይ ውስጥም ልጇን የምትጠብቅ እናት አለች፤ እሷ ጋማ የስልክ መስመሩም ተቋርጧል። ያ ጭብጨባ ለእሷ ምን ብሎ ይሰማት ይሆን? ይሄን ለጋሼ አላልኳቸውም። እትዬ ፊት እንዴት ይባላል?

ልጁ ከስምምነቱ በኋላ መጣ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን የሜዳይ ነገር ተነሳ።

«እኔ ብሆን የምሸልመው ሹፌሩን ነበር» አለ። «መብራት አጥፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ አወረደን። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እሱም ያንተን አልጠየቀህም» አሉ። «እኔም አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።»