ወደ ባሌ ተራሮች፤ ስለ ፏፏቴውና ስለ ሐረና ደን

በ1992 ዓ.ም. በበጋ የባሌ ደን በተቃጠለ ጊዜ እሳቱን ለማጥፋት ከሄዱት ወጣቶች አንዱ እኔ ነበርሁ። በእጄ የያዝሁት መሣሪያ ቅጠል ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ በእርሱም ነበልባሉን እየደበደብን፥ ጢሱ ዓይናችንን እየጋረደን፥ በአስታው ቍጥቋጦ ውስጥ ብዙ ቀን ከረምን። በመጨረሻም ድካማችንን የረዳው ዝናም ነው። ስመለስ ያ ተራራ ከእንግዲህ ወዲህ አመድ ሆኖ ይቀራል ብዬ ስለ ነበር፥ ከሃያ ዓመት በላይ ስሙ እንኳ ሲነሣብኝ አልወድም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ግን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የትምህርት መጽሐፏን ይዛ መጥታ፦ «አባዬ፥ ባሌን ያውቁታል? እዚህ መጽሐፍ ላይ ፏፏቴ አለው ይላል» ብላ ጠየቀችኝ። አውቀዋለሁ ብዬ የሆነውን ነገርኋት። እርስዋም «እንግዲያውስ ደኑ በቅሎ እንደ ሆነ እንይ» አለች። ባለቤቴም የልጅቱን አሳብ ደገፈች። እነሆ በሦስተኛው ቀን ስንቃችንን ቋጥረን፥ በአሰላና በዶዶላ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን፥ ዲንሾ ገባን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዲንሾ የፓርኩ መሥሪያ ቤት ያለበት ስፍራ ሲሆን፥ መንገድ መሪም የጭነት ፈረስም የሚገኘው ከዚያው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በስተኋላ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ በማለዳ የሄደ ሰው ደጋ አጋዘንን በቅርብ ያያል። ይህ አውሬ ከአገራችን ደጋ በቀር በሌላው ዓለም አይገኝም። ወንዱ ቀንዱን ጠምዝዞ፥ አንገቱን አቅንቶ፥ እንደ አንድ ትልቅ ሹም በዝግታ ሲራመድ ባየን ጊዜ ባለቤቴ ሳታውቀው ነጠላዋን አስተካከለች።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ የዌብን ሸለቆ ይዞ ይወጣል። ባለቤቴ በፈረስ፥ እኔና ልጄ በእግር ሆነን ሄድን። እኔ ለችሎት የምጫማውን ጫማ አድርጌ ስለ ነበር ከረግረጉ ስገባ አንዱ ጫማ ከጭቃው ቀረ፤ መንገድ መሪያችን ሽማግሌም ሳይስቁ በበትራቸው ፈልቅቀው አወጡልኝ። ወደዚያ የሚሄዱ ሁሉ ጠንካራ ጫማና ወፍራም ጋቢ እንዲይዙ እመክራለሁ። ዝናሙ ካቆመ በኋላ፥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ውሃው የሚሞላበትና መስኩ የሚያብብበት ስለ ሆነ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ፏፏቴው ፊንጫ ሐበራ ይባላል። አስቀድሞ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ሜዳው ጸጥ ብሎ ሳለ ከእግር በታች የሚንጐዳጐድ ነገር ይሰማል፤ ከዚያም ምድሪቱ በድንገት ትከፈትና ዌብ ከጥቁሩ ድንጋይ ጫፍ ተወርውሮ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይታያል። እርጥበቱ እንደ ጉም ተነሥቶ ከገደሉ ዳር የበቀለውን ሣር ሁሉ ያረጥበዋል። ልጄ ጕንጭዋ ላይ ያረፈውን ጠብታ ሳትጠርግ ብዙ ጊዜ ቆማ አየች። ይህ ወንዝ ከዚህ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ቆላው ይጓዛል።

በዚያው አቅራቢያ፥ በፏፏቴው ስም የሚጠራ የድንጋይ መጠለያ አለ። ሊቃውንት ቈፍረው መርምረው በ2011 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከ47 ሺሕ እስከ 31 ሺሕ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚያ እየተመላለሱ ኖረዋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያን ዘመን በተራራው ራስ ላይ በረዶ ነበር። ሰዎቹ መሣሪያቸውን ከባልጩት ይሠሩ፥ በእሳትም ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷን አኰማተረች፤ ሽማግሌው ግን «ልጄ፥ ብርዱ የጠና ለት ሰው የማይበላው የለም» አሏት። እኔ ያሰብሁት ሌላ ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ የሰው ልጅ እሳት ማንደድ የጀመረው እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው አልሁ በልቤ።

በማግስቱ ሽማግሌውን ይዘን ከጎባ ወደ ሰነቴ አምባ በአውቶሞቢል ወጣን። ስለ ሰነቴ ብዙ አልጽፍም፤ ራሴን እያመመኝ በጋቢ ተጠቅልዬ ነውና ያለፍሁት። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጅብራው በሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። አንድ ቀይ ቀበሮም ከመንገዱ ዳር ፍልፈል ስትጠብቅ አየን፤ በዓለም ሁሉ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነርሱም የሚበዙት በዚህ ተራራ ያሉት ናቸው።

አምባው በስተ ደቡብ ሲያልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ይወርዳል። ከላይ አስታው፥ ከእርሱ በታች ሽበት የመሰለ ነገር ያንጠለጠሉ ያረጁ ዛፎች፥ ቀጥሎም የባሌ ጦጣ የሚመገበው ቀርከሃ፥ ከሁሉ በታች ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና አለ። ከዛፎቹም ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ነገር ግን እኔ ከአስታው ዘንድ አውቶሞቢሉን አስቁሜ ወረድሁ፤ የታገልንበት ቦታ ያ ነበርና።

ቦታውን አላወቅሁትም። አመድ የነበረው ተዳፋት አስታ ለብሶ፥ ቁመቱ ከእኔ በልጦ፥ የከብት መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ልጄ ዝቅ ብላ ስትፈልግ ግንዱ የተቃጠለ አንድ ጕቶ አገኘች፤ ከሥሩ ብዙ ቀንበጥ አውጥቷል። እጄን በጕቶው ላይ ባሳርፍ ከሰሉ መዳፌን አጠቈረው። «አባዬ፥ ማን ነው ያቃጠለው?» አለችኝ።

እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ አሳቤ የጸና ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ «ደን ያቃጠለ» የሚለውን ቃል በመዝገብ ላይ ስጽፍ ያ ጢስ ይታወሰኝና ብዕሬን ጠበቅ አደርግ ነበር። መልስ ሳልሰጣት ሽማግሌው፦ «እኛ ነን» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ «አባቶቻችን ያረጀውን አስታ በጥቂት በጥቂቱ ያቃጥሉ ነበር፤ ለከብቱ ሣር እንዲበቅል ነው። ገና ያላደገው አስታ እሳት አይዝም፤ ስለዚህ እሳቱ ከእርሱ ሲደርስ ይቆማል። በኋላ እሳት ተከለከለ፤ ያረጀው አስታ ከያረጀው ጋር ተጋጠመ። በዚያ ዓመት ዝናሙ በቀረ ጊዜ አንዱ እንደ ልማዱ ለኰሰ፤ የሚያቆመውም አልተገኘ። የእኔም ሁለት ላሞች በዚያ ሞቱ፥ ወንድሜ።»

ነገሩን በኋላ ያጠኑ የዕፅዋት ሊቃውንትም ስለ አስታው ከዚህ ጋር የሚስማማ ጽፈዋል። ይህ ማለት ግን እሳት ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም፤ ከአስታው በታች ላለው ለትልቁ ደን እሳት ጥፋት ነው፤ ይህንም ሽማግሌው ራሳቸው አልካዱም። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመት የረገምሁት ሰው ከእኔ ጋር አንድ እንጀራ ቈርሶ፥ ጫማዬንም ከጭቃ አውጥቶልኝ ስለ ነበር፥ የምናገረው ጠፍቶኝ ዝም አልሁ። ባለቤቴ ከስንቃችን ዳቦ ቈርሳ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም ከኮረጇቸው የሐረና ማር አውጥተው ለልጄ አቀበሏት። ከታች የሚፈስሰው ጅረት ይሰማ ነበር፤ ወደ ገናሌ የሚሄድ ውሃ ነው።

ያን ሌሊት ሪራ አደርን። ዝናም ዘነበ፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ ቍጥቋጦ አቃጥሏል ተብሎ የተከሰሰ አንድ ገበሬ ከችሎት ቀረበ። ቃሉን ስጽፍ ሳለሁ ብዕሬን አንሥቼ፥ «ያቃጠልኸው በየትኛው ወር ነው? ያረጀውን ነው ወይስ ወጣቱን?» ብዬ ጠየቅሁት። ጸሐፊ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ልማዱ አይደለምና ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ ወደ ገበሬው ዘወር ብለው፦ «መልስለት እንጂ» አሉት።