የጎታው ቀዳዳ

«ጤዛ» የተባለውን ፊልም ያየሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነስቼ መብራት አበራሁና ደብተር ፈለግሁ። ከዚያ በፊት ከደብዳቤ ሌላ የጻፍኩት ነገር አልነበረም።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ያን ፊልም ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘበት። በፊልሙ ውስጥ ጀርመን የተማረው ሐኪም አንበርብር እናቱ ወዳለችበት መንደር ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም፤ እንዴት እንዳጣው ማስታወስ ተስኖታል። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በጓደኛው በተስፋዬ አሟሟት ነው። እኔን ያስለቀሱኝ ግን የውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚያድሩት ልጆች ናቸው።

የእኛ ቤት ዋሻ ጎታ ነበር። «ወታደር መጣ» ሲባል እናቴ ታላቅ ወንድሜን ጎታው ውስጥ ታስገባውና የጎታውን አፍ በጭቃ ትመርጋለች። እርጥቡ እንዳያሳብቅ አመድ ትነሰንስበታለች። ከዚያ ሰፌዷን ይዛ ምስር ትለቅማለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ከጎን በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ጆሮዬ ልክ እሷ ጋ ይደርሳል፤ ወንድሜ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ገለባ አፍንጫው ገብቶ እንዳያስነጥሰው እጸልያለሁ። ወታደሮቹ አንዳንዴ ውኃ ይጠይቃሉ። እነሱም የሰው ልጆች፣ ከንፈራቸው የደረቀ። እናቴ በቅል ትሰጣቸዋለች።

ሦስት ጊዜ አመለጠ። በአራተኛው ጨው ሊገዛ እንደወጣ ከገበያ መንገድ ላይ ታፈሰ። አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ እስከዚያ ሌሊት ድረስ የቤታችን ሐዘን ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ጮክ ተብሎ የማይነሳ። ዋሻው ውስጥ የተኮለኮሉትን ልጆች ሳይ ግን አገር ምድሩ አንድ ጎታ ሆኖ ታየኝ። ስንት እናት ጭቃ መርጋለች! ስንት ልጅ ጨለማ ውስጥ ትንፋሹን ቆጥሯል! አንድ ሰው ይህን ሳይረሳ 14 ዓመት ተሸክሞታል። እኔ አንድ ሌሊት ብቀመጥለት ምን ይለኛል?

ሊነጋጋ ሲል የጻፍኩትን አነበብኩት። ስለ ፊልሙ አንድም ቃል የለበትም።

በዓመቱ አገር ቤት ስሄድ ጎታው እዚያው ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ ቀዳዳዋም አለች። «እማዬ፣ ይህችን ለምን አትደፍኛትም?» አልኳት።

«ተዋት ልጄ፤ እህሉም ይተንፍስባት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብተር ሞልቻለሁ። በሁሉም ውስጥ ወንድሜ ጎታው ውስጥ ነው። ጨው ሊገዛ የወጣበትን ቀን ግን ልጽፈው አልሆነልኝም።