የሁለት አምስተኛው ጉዳይ

ባለፈው ሳምንት ስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/3 ጻፍኩና አንዱን ልጅ አስወጣሁት። ጠመኔውን ተቀብሎ ሳያመነታ 2/5 ብሎ ቁጭ አደረገው። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ። "ልክ ነው?" ስል አብዛኛው ክፍል እጁን አወጣ። ትንሹን የጋራ ብዜት ሦስት ቀን ሙሉ ሳስተምር ነው እኮ የሰነበትኩት!

ይህን ስታፍ ውስጥ አላወራም። "እኔ ሳስተምር ይገባቸዋል" የሚል አይጠፋም፤ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላልኝ ሰውም እዚያው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ማታ ግን የሰሌዳውን ፎቶ የሂሳብ መምህራን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩና "ምን ይሻለኛል?" አልኩ።

ግሩፑን አላጋንንም። ግማሹ "ሰናይ ቀን" ነው፣ ግማሹ ማንም የማይከፍተው ፒዲኤፍ። የደመወዝ ወሬ ከተነሳማ ለሁለት ቀን ሂሳብ የሚባል ነገር አይገኝም። ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቼው ነው የምውለው።

አንዱ "መልመጃ አብዢላቸው" አለ። ጎንደር ያለች፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃት መምህርት የድምፅ መልእክት ላከች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። "እህቴ፣ ቶሎ አታርሚያቸው። ግማሽ እንጀራ ያለው ልጅ ሲሶ ቢጨመርለት በዛለት ወይስ አነሰበት በያቸው። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል።"

ቀጥሎ ጡረታ የተቃረቡ አንድ ጋሼ ጻፉ፦ "ልጄ፣ ፈተና ስታርሚ አንዱን ጥያቄ ከ2 አንድ፣ ሌላውን ከ3 አንድ ብትሰጪው፣ ድምሩን ስንት ብለሽ ትጽፊለታለሽ?"

ጠረጴዛዬ ላይ ያረምኳቸው ወረቀቶች ተከምረዋል። ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። 3/5 እና 4/10፣ ድምር 7/15። በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት። ልጁ ከየት አመጣው እያልኩ ስናደድ የዋልኩት ከእኔው የተማረውን ነው።

ማይክል ፐርሻን የሚባል የኒው ዮርክ የሂሳብ መምህር የተማሪዎችን ስህተት ብቻ እየሰበሰበ፣ ልጁ ምን አስቦ ይሆን ብለው መምህራን እንዲወያዩበት የሚለጥፍበት ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። ድሮ ሳየው ምን ሥራ ፈት ነው ብዬ ነበር። አሁን አፈርኩ።

በማግስቱ እንጀራውን ስጠይቃቸው ሳቁ፤ ልጁም ራሱ ሄዶ 2/5ን አጠፋው። ያኔ የፈተና ወረቀት አወጣሁና "ታዲያ እኔ እዚህ ለምን እንዲህ ደመርኩ?" አልኳቸው። ዝም ዝም። ቆይታ አንዷ ከኋላ፦ "ቲቸር፣ እንጀራው እኩል ነው። ፈተናው ግን አንዱ ከአምስት ነው፣ አንዱ ከአስር።"

ማታ ይህንኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የጎንደሯ እልል አለችልኝ። ጋሼ ግን እንኳን ደስ ያለሽ እንኳ አላሉም፦ "አስርዮሽ ስትጀምሪ ደግሞ 0.5 እና 0.12 የትኛው ይበልጣል በያቸውና የሚሉሽን አምጪልን።"