ጎላ ሚካኤል አጠገብ የቆመችው ሴይቼንቶ

ዛሬ ከምሳ ስመለስ ጎላ ሚካኤል አካባቢ አንዲት ሴይቼንቶ (ፊያት 600) ጥግ ይዛ ቆማ አየሁና እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ከኋላዬ የምትመጣው ሴትዮ ልትገጨኝ ስትል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ነጭ ናት። ፓራውልቷ አልተጣመመም፣ የፊት መብራቶቿ የራሷ ናቸው፣ ቦሎዋም የዘንድሮ ነው። የዘንድሮ! ማለትም ትሄዳለች፣ ትመረመራለች፣ ታልፋለች።

በሮቿን ሳይ ደግሞ ጭራሽ ልቤ ቆመ። ማጠፊያቸው ከኋላ ነው። እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፊያት የ600ን በር ያዞረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ነው። ስለዚህ ይህች ልጅ ቢያንስ ስድሳ ዓመት አልፏታል።

ባለቤቷ ፓራብሬዛውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለመግዛት ከሆነ ግን አትድከሚ፣ አልሸጥም።»

«ኧረ አልገዛም፣ ላያት ብቻ ነው።»

«እሱስ ይቻላል፤ ማየት አይከለከልም» አሉና ሳልጠይቃቸው የኋላ ክዳኗን ከፈቱልኝ። ልብስ ስፌት መኪና የምታክል ሞተር! 767 ሲሲ ናት። በወጣትነታቸው ሴይቼንቶ ታክሲ ነድተዋል፤ ሰው በስሙኒ ሲሳፈር። ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይግል የኋላ ክዳኑን በእንጨት ደግፈው ከፍተው ይነዱ እንደነበር ሲያወሩኝ በእጃቸው ጭምር እያሳዩኝ ነው፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። አሁን ዕቃ ሲጎድላት መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ እዚያ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ተቀርጾ ይሠራል። «ካርቡራቶሯን የሚያውቃት አንድ ሰው ነው የቀረኝ፤ እሱም አርጅቷል» አሉኝ።

ስለ እሷ ብቻ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ግን በመስኮቷ አጎንብሼ መሪዋን ሳይ የአባዬ ቮልስ ትዝ አለችኝ። እሷ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ንዴቱ አብሮ ይመጣል።

ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ አባዬ «ሙሽሮቹ በቮልሷ ነው የሚሄዱት» አለ። ቀለም እንድትቀባ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ገባች። ስትወጣ እውነትም ታበራለች። አባዬ ገብቶ ተቀመጠ፣ እጁን መሪው ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። የክላክስ ቁልፏ የለችም። የድሮ ቮልስ ያያችሁ ታውቋታላችሁ፤ መሪው መሀል ላይ የምትቀመጥ፣ የቮልፍስቡርግ ከተማ ግንብና ተኩላ ያለባት። በቦታዋ ልሙጥ ጥቁር ፕላስቲክ ደፍተውበታል። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ ሶሌክሱ ካርቡራቶር ወጥቶ ሌላ ገብቷል። ብንጠይቃቸው «ስትገባም እንዲሁ ነበረች» አሉን።

እንዴት እንዲሁ ትሆናለች? እኔ አባዬ ጭን ላይ ተቀምጬ ያንን ተኩላ በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ነው ያደግኩት። ጆሮው የቱ ጋ እንደሚጎረብጥ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። አባዬ ክርክር አይወድም፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ክላክስ ሲያደርግ መሀሉን አይነካም፤ ጠርዙን ነበር የሚጫነው።

ቮልስ እኮ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። ዕቃዋ በዓለም ዙሪያ ሞልቷል፤ ያቺን ቁልፍ የመሰለች በገንዘብ ትገኛለች። እኔ የምፈልገው ግን የአባዬን ጣት የምታውቀዋን ነው።

መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እነዚህ መኪኖች ዛሬ ድረስ የሚንቀሳቀሱት በመካኒኮቻችን እጅ ነው። ማኑዋል ሳይኖራቸው፣ ሞተሩን በጆሮ ሰምተው ካንዴላ ነው ወይስ ቫልቭ የሚሉ ሰዎች ናቸው። አዲስ መኪና መቼም ለብዙ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጫነ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ቆመ። ስለዚህ ያለውን ማደስ ግድ ነው። የሚያሳዝነኝ፣ ያን ሁሉ ዕውቀት ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለመኖሩ ነው። የጋሼ መካኒክ ሲያርፍ የዚያች ሴይቼንቶ ካርቡራቶር ማን ይነካዋል?

ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን መኪኖቹም እየጠፉ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረችውን አራት መቶ አራት ታስታውሷታላችሁ? ጎማዋ ተንፍሶ፣ የኋላ ክንፎቿ ላይ ልጆች ተቀምጠው፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር ፎቶ የማነሳት ፔጆ። ቅርጿን የነደፈው ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ያሸነፈች መኪና እኮ ናት! በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሄጄ ፈለግኳት። አንድ ልጅ «በክሬን ጭነው ወሰዷት፣ ለብረት ነው አሉ» አለኝ። በኪሎ ማለት ነው።

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። የአንድ ዘመን መጨረሻ በዚያች ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር አልፏል። እኛ ግን አሁንም አሮጌ መኪና ስናይ «ይሄ ቆርቆሮ ቦታ ያዘ» እንላለን።

እባካችሁ፣ አያታችሁ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ካለች ለብረት አትሽጧት። ለመሸጥ ከተገደዳችሁም የሚያስነሳት ሰው ፈልጉ፤ አለ፣ እኔም አገናኛችኋለሁ። ከመሸጣችሁ በፊት ሊብሬዋን ፎቶ አንሱ፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የማን እንደነበረች እዚያ ላይ ይገኛል። ጋራዥ ስታስገቡ ደግሞ ውስጧን ከመሪው እስከ ካርቡራቶሩ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ስታስረክቡም ከባለ ጋራዡ ጋር እያያችሁ ተፈራረሙ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ለሰርግ የምታስጌጡ ልጆችም፣ በእናታችሁ፣ አበባውን በፕላስተር አትለጥፉ። የድሮ ቀለም ይዞ ይነሳል። በሪባን እሰሩት።