ዜማውን አወቀ፣ ፊደሉንስ?

ሰሞኑን ፌስቡክ የሚያመጣልኝ ሁሉ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ሆኗል። የሦስት ዓመት ልጅ ከ«ሀ» ተነስቶ ሳይደናቀፍ «ፐ» ይደርሳል፣ ወላጅ ያጨበጭባል፣ ኮሜንቱ በልብ ይሞላል። ደስ ይላል፤ እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ግን ያንኑ ልጅ «ሚ» ላይ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ «ይቺ ማናት?» በሉት። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ «መ፣ ሙ፣ ሚ!» እያለ ነው የሚደርስባት። በእጁ የገባው ዜማው ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጁ 231ዱን ፊደል በቃሉ ስለተወጣ ብቻ ወደ ንባብ አያልፍም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ሲወርድ ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚለወጥ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ ዓይኑ መሥራት አለበት። (አቡጊዳንም የሚሸመድድ ብልጥ አይጠፋም። ለእሱ ደግሞ ከመሃል እየጠቆሙ መጠየቅ አለ። አርጩሜው ግን እዚያው ይቅር።)

ዋናው ነገር ያ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ነው። ለንግግርም ያው ነው። ፓትሪሺያ ኩል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የዘጠኝ ወር ሕፃናት ከማንዳሪን ቻይንኛ ጋር ተዋወቁ። አንዳንዶቹን ሰው ፊት ለፊት እያነበበና እያጫወተ፣ ለሌሎቹ ያው ነገር በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ እየቀረበላቸው። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ለሌሎቹ ግን ጠብ ያለላቸው ነገር የለም።

ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፦ «ታዲያ ልጄ ከአያቷ ጋር በዋትስአፕ የምታወራውም ከንቱ ነው?» ኧረ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ የሁለት ዓመት ልጆች አዲስ ቃል ከቀጥታ የቪዲዮ ጭውውት ተምረዋል፤ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። አያት ስልክ ውስጥ ቢሆኑም ይጠይቃሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ፣ ስትሳሳትባቸው ይስቃሉ። ልጅቷ ከፍ ስትል እንቆቅልሽ ይጨመርበት። መልሱ ጠፍቷት «አገር ስጪኝ» ስትባል የአሜሪካዋን ሲልቨር ስፕሪንግን ብትሰጥም ግድ የለም። አያቷ ግን «እሱ ደግሞ ምኑ አገር ነው፣ ጎንደርን ካልሰጠሽኝ!» ማለታቸው አይቀርም።