የማይቸኩል ፍቅር



ትራሳችን ሥር ምን እንዳለ የሚያውቁ ጓደኞቻችን ዘወትር አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። «እናንተ የምታነቡት ታሪክ ምን ቁም ነገር አለው? ሁለት ልጆች መጽሐፉን ሙሉ ሲተያዩ ይውላሉ፤ በመጨረሻው ገጽ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ አለቀ!» ይሉናል። ብዙም አልዋሹም። እኛም የምንወደው ስለዚሁ ስለ ሆነ፥ እስከ ዛሬ በሣቅ ያለፍነውን ጥያቄ በጽሑፍ ልንመልሰው አሰብን።

ነገሩን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ማንጋ የሚባለው የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ከብዙ ዘርፎቹ አንዱ «ቦይዝ ላቭ» ይባላል። የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርክ ሲሆን፥ አብዛኞቹ ደራስያኑም አንባብያኑም ሴቶች ናቸው። የተወለደውም ለልጃገረዶች በሚታተሙ መጽሔቶች ውስጥ ነው። ኬይኮ ታኬሚያ የመጀመሪያውን አጭር ታሪክ በ1970 አወጣች (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሞቶ ሐጊዮ «የቶማስ ልብ» የተባለውን በ1974 አሳተመች፤ ታኬሚያም አዘጋጆቹ አንቀበልም እያሏት ለብዙ ዓመት ከታገለች በኋላ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር» የተባለውን ትልቁን ሥራዋን በ1976 ጀመረች።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ግን ለስላሳ አልነበሩም። በአውሮፓ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚፈጸሙ ሆነው፥ «የቶማስ ልብ» የሚከፈተው በአንድ ልጅ ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ከመጡትም ብዙዎቹ አንዱ ሌላውን በግድ ይዞ ስሙን ፍቅር የሚሉ ነበሩ። እኛ የምንናገረው ስለ ሌላው ወገን ነው፤ ማንም ስለማይሞትበት፥ ማንም ስለማይገደድበት፥ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ስለሚሄድበት።

ምሳሌ እንስጥ። ዩኪ ፉሚኖ ከ2013 ጀምራ የጻፈችው አንድ ታሪክ አለ፤ ርእሱን በአማርኛ «የፀሐይ ጥጉ ይሰማኛል» ልንለው እንችላለን። ኮሔይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በልጅነቱ የመስማት ችሎታው ስለ ደከመ የመምህሩ ንግግር እየተቆራረጠ ያመልጠዋል፤ ከሰውም ርቋል። ታይቺ ደግሞ ድምፁ ጎላ ያለ፥ ኪሱ ባዶ፥ ሆዱ ሁልጊዜ የተራበ ልጅ ነው። ውላቸው ቀላል ነው፤ ታይቺ በክፍል ውስጥ ለኮሔይ ኖት ይጽፍለታል፥ ኮሔይም ምሳውን ይሰጠዋል። በምሳና በኖት የተጀመረ ፍቅር! ኖት ተውሶ፥ እንጀራ ተካፍሎ የሚኖር ተማሪ ይህን ለመረዳት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ታይቺ የልጁን ልብ የሚከፍተው አለመስማት ጥፋት እንዳልሆነ፥ ያልገባውንም ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚችል በነገረው ጊዜ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮሔይን እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

አሱሚኮ ናካሙራ በ2008 በመጽሐፍ ያወጣችው «የክፍል ጓደኞች» ደግሞ የሚጀምረው በመዝሙር ልምምድ ነው። ኩሳካቤ የተባለው ጊታር መቺ፥ አንደኛ የሚወጣው ሳጆ ከክፍሉ ጋር እንደማይዘምር ያያል። ንቀት ይመስለዋል። በኋላ ግን ሳጆ ሰው በሌለበት ብቻውን ሲለማመድ ያገኘውና ላስተምርህ ይለዋል። ታሪኩ ከወቅት ወደ ወቅት እየተሻገረ እስከ ምረቃ ይዘልቃል።

እንግዲህ ደስ የሚያሰኘን ምኑ ነው? መጀመሪያ፥ ሥዕሉ ለዝምታ ቦታ አለው። ደራሲዋ የልብን መምታት ልታሳይ ስትፈልግ ቃል የሌለበት አንድ ሳጥን ትሥላለች፤ መስኮት፥ ጫማ፥ ወይም ግማሹ የተዘረጋ እጅ። ሲኒማ ጊዜውን ራሱ ይነዳዋል፤ እዚህ ግን በዚያ ሳጥን ላይ ስንት እንደምንቆይ የምንወስን እኛ ነን። ሁለተኛ፥ ጃፓኖች የክፍል ጓደኛቸውን እንኳ በቤተሰብ ስሙ ስለሚጠሩ፥ አንዱ ሌላውን በራሱ ስም የጠራበት ቀን ትልቅ ቀን ነው። «አንቱ» ተባብሎ ጀምሮ «አንተ» እስኪባባል ድረስ ስንት ጊዜ ምላስ እንደሚተሳሰር የሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የሚከተለው ነው። ከመካከላችን ሴቶቹ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው መንገድ ለከፋ ሳይሰሙ የሚያልፉበት ምሽት ጥቂት ነው። ወንዶቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሴት እምቢታ እሺታ ነው፥ ችክ ያለ ያገኛል የሚል ትምህርት ሲሰጣቸው ኖሯል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግን የምትታደን ልጅ የለችም። ሁለቱም እኩል ይፈራሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፥ ሌላው እስኪመልስ ይጠብቃል፤ መልሱ «ገና ነኝ» ቢሆን የሚቆጣ የለም። ሴቶቻችን ስለ ፍቅር ሳይሳቀቁ ያስባሉ፤ ወንዶቻችንም ወንድ ልጅ መፍራትና መጠበቅ እንደሚችል ያያሉ። ይህ ትንሽ ነገር ነውን?

ነቀፌታውንም አንሸሽገውም። በ1992 ጃፓናዊ የሆነ አንድ የዚሁ ፍቅር ሰው፥ ሴቶቹ ደራስያን የእኛን ሕይወት እንደ አሻንጉሊት ይጫወቱበታል ሲል በጽሑፍ ወቀሳቸው፤ ክርክሩም ለዓመታት ቆየ። ወቀሳው ፍሬ አለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁት ልጆች በእውነተኛው ዓለም የሚጠብቃቸውን ብርድ ብዙዎቹ ታሪኮች አይነግሩንም። በአገራችንማ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በእስራት ይቀጣል፤ ጉዳዩም በቡና ላይ የሚነሣ አይደለም። ከመካከላችን መጽሐፉን እንደ ደብተር በጋዜጣ ለብጦ የሚያነብ አለ። አንዳንዱ ከሣቅ ፈርቶ ነው፤ ሌላው ግን ስለ ራሱ የተጻፈ ደግ ቃል ሌላ ቦታ ስላላገኘ ነው። ለዚህኛው አንባቢ ለስላሳው ታሪክ ጨዋታ አይደለም፤ ሳይቀጡት፥ ሳይገድሉት የሚያበቃ ታሪክ እንዳለ ማወቁ ነው። ስለዚህ በመኝታ ቤት ውስጥ «እስኪ ጮክ ብለህ አንብብልን» እያላችሁ የምትቀልዱ ወንድሞቻችን፥ ማን አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚሰማ አስቡ።

ካኦሪ ጹሩታኒ ከ2017 እስከ 2020 በጻፈችው ማንጋ ውስጥ ባሏ የሞተባት የ75 ዓመት አሮጊት በሽፋኑ ውበት ተስባ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ትገዛለች፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ስትጓጓም በመጻሕፍት ቤቱ ከምትሠራው ዓይን አፋር ተማሪ ጋር ትወዳጃለች። ሁለቱ በበረንዳ ተቀምጠው ስለ ሰው ፍቅር ሲያወሩ የራሳቸው ብቸኝነት ይቀልላቸዋል። እኛም በዚህ ግቢ ያገኘነው ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ተዋውሰን ያነበብን ሰዎች ዛሬ የምንተዛዘን ጓደኞች ሆነናል።

የፈለገ መጥቶ ይዋሰን፤ የሽፋኑን ጋዜጣ ግን እንዳይገልጥብን። መመለሻው ቀን አልተወሰነም፤ እኛም እንደ መጻሕፍቱ አንቸኩልም።