ነበልባል የሌለው ሻማ ይገዛ ወይስ ይቅር?

መብራት በጠፋ ቁጥር በጨለማ ክብሪትና ሻማ ፍለጋ ያልተደናበረች የቤት እመቤት ብትኖር ጥቂት ናት። አሁን ደግሞ በየሱቁ መልኩ ሻማ፣ ሥራው ግን በባትሪ ድንጋይ የሆነ፣ ክብሪት የማይፈልግ የኤሌክትሪክ ሻማ ይሸጣል። «ይገዛ ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ከአንዳንድ ጎረቤቶቼ ስለ ቀረበልኝ የዛሬውን ጽሑፌን ለዚሁ አውየዋለሁ።

አስቀድመን የሁለቱን ጠባይ እንወቅ። ከሱቅ የምንገዛው ነጭ ሻማ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ከንብ ሰም ሳይሆን ከድፍድፍ ነዳጅ ከሚገኘው ፓራፊን ነው። ክሩ ሲለኮስ ፓራፊኑ ይቀልጣል፤ በክሩ ወደ ላይ ይሳብና ተንኖ ይነዳል። የነበልባሉ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ መጋረጃ፣ አጎበር ወይም የነጠላ ጫፍ ለማቀጣጠል አፍታ አይፈጅበትም። በኤሌክትሪኩ ሻማ ውስጥ የምትበራው ግን ኤል ኢ ዲ የምትባል ትንሽ አምፑል ናት። ጨርቅ አታቀጣጥልም፤ ጢስም ጥቀርሻም የላትም።

ታዲያ ብርሃኗስ? ሁለቱን በቤቴ ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተያየኋቸው። ከሰሙ ሻማ አጠገብ ጋዜጣ ማንበብም ሽንኩርት መክተፍም ይቻላል። ትንሿ የኤሌክትሪክ ሻማ ግን በር ከመለየትና ዕቃ እንዳያደናቅፍ ከመጠበቅ አልፋ ለሥራ አትበቃም፤ የተሠራችው ይበልጡን ለጌጥ ነውና። ስለዚህ ለልጆች ጥናትና ለወጥ ቤት ሥራ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡባት። ለዚህስ ቻርጅ የሚደረግ የእጅ መብራት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ሻማ ይበልጥ የሚያስፈራው ስንሠራ ሳይሆን ስናንቀላፋ ነው። የምታጠና ልጅ ሻማውን ከደብተሯ አጠገብ እንዳቆመች እንቅልፍ ይወስዳታል። የምታጠባ እናት ሌሊት ልጇን ለማየት ስትል ሻማውን ከአልጋው ራስጌ ትተወዋለች። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን በአንድ ቤት፣ በፕላስቲክ ክዳን ላይ የተጣበቀ ሻማ ነዶ ሲያልቅ ክዳኑን፣ ቀጥሎ የጠረጴዛውን ልብስ፣ ቀጥሎም መጋረጃውን አቀጣጠለ። እናትና ሦስት ልጆች ከእንቅልፋቸው ነቅተው የወጡት በጎረቤት ጩኸት ነበር። እንግዲህ የኤሌክትሪኩ ሻማ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ማደር ያለበት ብርሃን ካለ ነበልባል የሌለው ይሁን።

ይህም ቢሆን የራሱ መዘዝ አለው። በአብዛኞቹ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሻማዎች ውስጥ ያለችው ድንጋይ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ናት። ሕፃን ከዋጣትና በምግብ ቧንቧው ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ስለዚህ የድንጋዩ ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። ልጁ ውጧታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም፣ ላስመልሰው ሳትሉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለጸሎት የሚበራው ጧፍ ግን ሌላ ነው። እየነደደ ማለቁ ራሱ ትርጉም አለውና ድንጋይ አይተካውም።

በሰሙ ሻማ የምትገለገሉም ብትሆኑ መላ አለው። አሸዋ በተሞላ ጣሳ ወይም ሸክላ ውስጥ አቁሙት እንጂ በፕላስቲክ ላይ አታጣብቁት። ከመጋረጃና ከአጎበር አርቁት። ከክፍሉ ስትወጡም ሆነ ጎናችሁን ስታሳርፉ አጥፉት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የሀገራችን ሰው። ለመኝታ ክፍል አንዲት የኤሌክትሪክ ሻማ መግዛትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ ለቀረው ቤት ግን ወጪው ትርፍ ነው።